የሲቀላው ሜዳ ሣር

በሰው ሚስት ቀንቼ አላውቅም። በሰው ቤት፣ በሰው ከብት፣ በሰው ሹመትም እንደዚሁ። እግዜር ይመስገን፣ በሽታው በዚያ በኩል አልነካኝም። እኔ የቀናሁት በሰው ሣር ነው። ሣር ስል ጎጆ የሚከደንበትን ወይም ለበዓል ቤት የሚጎዘጎዘውን ማለቴ አይደለም፤ ኳስ የሚጫወቱበትን፣ መሬት ላይ ተኝቶ የሚኖረውን ሰርዶ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። ቅናት ሰው የሚወደውን ነገር ፈልጎ እዚያው ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እኔ ደግሞ በዚያ ዘመን ከሜዳዬ አብልጬ የምወደው ነገር አልነበረኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። አርባ ምንጭ ያኔም እንደ ዛሬው ሁለት ከተማ ነበረች፤ ላይ ሴቻ፣ ታች ሲቀላ። መሥሪያ ቤቱም ሹሙም ነፋሱም ሴቻ ነው፤ ገበያው፣ ሙቀቱና ውሃው ሲቀላ። እኔ የሴቻው ኳስ ሜዳ ጠባቂ ነበርኩ። «ጠባቂ» የሚለው የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ያለው ስም ነው እንጂ ሥራዬስ ሌላ ነው፤ ማጨድ፣ ማረም፣ ድንጋይ መልቀም፣ ፍግ መበተን፣ በሲሚንቶ የተሞላ በርሜል እየጎተቱ መሬቱን መደልደል፣ ለጨዋታ ቀን በኖራ መስመር ማስመር። ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር የስፖርት ኮሚቴው ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ነኝ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር፤ ዛሬም ያምራል።

የሴቻ መሬት ጠላት ነው። አንዱን ድንጋይ ስትነቅል ከሥሩ ሁለት ይወጣል። ውሃው ከቦኖ እየተቀዳ በበርሜል ነው የሚመጣው። በጋ ሲገባ ሣሩ ይነጣል፣ ፀሐይ የተወውን ምስጥ ይጨርሰዋል። እንደዚያም ሆኖ ስድስት ዓመት ታገልኩት። መሐሉን አረንጓዴ አድርጌው ነበር፤ ሁለቱ የጎል በር ብቻ ራሰ በራ ሆነው ቀሩ። በከተማው ሌላ የሚረባ ሜዳ ስላልነበረ ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል። «አንተ ባትኖር ልጆቻችን አቧራ ሲበሉ ይኖሩ ነበር» ይሉኛል። ምስጋናው ራሴ ላይ ወጥቶ ነበር።

እሱ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ሰውየው የገረሴ ደገኛ ነው። የእኔም አባትና እናት ከዚያው ወገን ናቸው፤ እኔ ግን ከተማ ተወልጄ ከተማ ያደግኩ ስለሆንኩ ጋሞኛዬ ቤት ውስጥ የለመድኩት ብቻ ነው። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል፤ ጋሼ እለው ነበር። ፊደል አልቆጠረም፤ አማርኛውም ገበያ ላይ ጨው ገዝቶ የሚመለስበት ያህል ነው። ሲቀላ ያለውን ሜዳ እንዲጠብቅ ሲቀጠር ማንም ነገሬ አላለውም። ሜዳ ከተባለ ነው ያውም፤ እሾህ የበቀለበት፣ ከብት የሚተኛበት ባዶ ቦታ። «እሾህም ዘበኛ ተቀጠረለት» ብዬ ቀልጄበታለሁ፤ ሰዉም ስቆልኛል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀልዱ ወደ እኔ ዞረ።

መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። የሴቻና የሲቀላ ቡድኖች ሊጋጠሙ ነው፤ ከቡድናችን ጋር ወረድኩ። ከዛፎቹ መሐል ብቅ ስንል ሜዳው ፊት ለፊታችን ተዘርግቷል። አረንጓዴ ብቻ ቢሆን ባልደነቀኝ፤ ሲቀላ ምን አረንጓዴ ያልሆነ አለ? የደነቀኝ እኩልነቱ ነው። አንዱ ቦታ ከሌላው አይረዝም፣ አይሳሳ። ጎንበስ ብዬ ስዳስሰው ጣቴ አፈር ሳይነካ ቀረ። ቀና ብዬ ሰው እንደማያየኝ አረጋገጥኩና ጠጠር እንደገባበት ሰው ጫማዬን አወለቅኩ፤ ባዶ እግሬን አሳረፍኩበት። ጨዋታው እስኪያልቅ ዓይኔን ከሣሩ አልነቀልኩም። የዚያን ቀን ማን እንዳሸነፈ ዛሬም አላውቅም።

ቤት እንደገባሁ ለባለቤቴ፣ «ውሃ ስላለው ነው» አልኳት።

«ማን?»

«የሲቀላው ሰውዬ ነዋ።»

«ታዲያ ውሃ ቢኖረው አንተን ምን ጎደለብህ?» አለችኝ። የጎደለብኝን እሷም እኔም እናውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ገበያ እሄዳለሁ እያልኩ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሲቀላ መውረድ ጀመርኩ። ከአንድ ዋርካ ሥር ቆሜ እሰልለዋለሁ። ሰውየው ማጭድ እንኳ አልነበረውም። ማለዳ ጤዛው ሲረግፍ የሰፈሩን በጎች ያስገባል፤ ሁሉንም ቦታ አይለቅላቸውም፣ ለየቀኑ የሜዳውን አንድ ክፍል በገመድ ይከልላል። በጎቹ ጫፍ ጫፉን ይግጣሉ፣ ፍጋቸውን ይጥላሉ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይወጣሉ። ደጋ ላይ የመንደሩን መስክ እንዲህ ነው የሚጠብቁት፤ ማንም እንዳሻው አያግጥም፣ ቀን አለው፣ ድርሻ አለው። እኔ በማጭድ ሳጭድ ክንዴ የዛለበት ቦታ ይረዝማል፣ ንዴቴ የበረታበት ይላጫል። በግ ግን አይናደድም።

ከጨዋታ በኋላ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ተመልካቹ ገና ወጥቶ ሳያልቅ እሱና ሚስቱ ቅርጫት ይዘው ይገባሉ። ቅርጫቱ ውስጥ ከቦይ ዳር ከነሥሩ የተነቀለ ሰርዶ አለ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ። ታኬታ የቆፈረውን ጉድጓድ ሁሉ እየፈለጉ አንዳንድ ዘለላ ይተክላሉ፤ በተረከዝ ረገጥ ያደርጉታል፣ እፍኝ ውሃ ያፈሱበታል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ተጠጋሁና፣ «ጋሼ፣ ነገ ቢሆን ምን አለበት?» አልኩት።

«ቁስል ነገ ይታከማል ይባላል እንዴ፣ ጸሐፊ?» አለኝ።

ጸሐፊ ነበር የሚለኝ፤ ቃለ ጉባኤ እንደምይዝ ሰምቶ ነው። እኔና እሱ የምናወራው በጋሞኛ ነው፤ ይቺን ቃል ግን በአማርኛ፣ በአክብሮት ይላታል። አክብሮቱ ያናድደኝ ነበር። ቢጠላኝ ይቀለኝ ነበር።

ያየሁትን ለምን በራሴ ሜዳ ላይ አልሞከርኩትም? ባለቤቴም ጠይቃኛለች። «ሄደህ አሳየኝ በለው፤ ሰው ነው፣ አይበላህም» ስትለኝ ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። እኔ? እሱን? ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ከበግ ጠባቂ ሊማር? «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። አህያዋስ መሞቷ ነው፤ እኔ በቁሜ ነበር አይብቀል ያልኩት። ያውም ሰርዶውን።

ሰዉ ደግሞ አይተወኝም። የቡድናችን በረኛ አንድ ቀን ጉልበቱን እያሻሸ፣ «ያንተ ሜዳ ላይ የወደቀ ሰው ቆዳውን ትቶ ነው የሚነሳው፤ የሲቀላው ላይ ግን መውደቅ ራሱ ያስመኛል» አለኝ። ሳቅኩለት። ጥርሴ ነበር የሳቀው።

እንዲህ እያለ አንድ ዜና መጣ። ከየአውራጃው ቡድኖች የሚካፈሉበት የክፍለ ሀገሩ ውድድር ሊካሄድ ነው፤ የፍጻሜው ጨዋታ አርባ ምንጭ ላይ ይሆናል፤ የትኛው ሜዳ ላይ እንደሚሆን የስፖርት ኮሚቴው ይወስናል። ለሌላው ሰው ይህ ተራ ነገር ነው። ለእኔ ግን ስድስት ዓመት ድንጋይ የለቀምኩት ለዚያች ቀን መሰለኝ። በሴቻ ሜዳ ላይ ፍጻሜ ይደረጋል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ዙሪያውን ይቆማል፣ እኔ የእጅ ሥራዬን ዳር ሆኜ አያለሁ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ከሰሜን ተመድበው የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጨዋ ሰው ነበሩ። ሁለቱንም ሜዳ ተዘዋውረው አዩ። ከሲቀላ ሲመለሱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ጓድ፣ መቼም ምርጫ የለንም። ታች ያለው ሜዳ ሌላ ነው» አሉኝ። «እውነት ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አልኩ። በልቼ የማልጠግብ ሰውዬ ያን ሳምንት እህል አልወርድ አለኝ።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ የመሥሪያ ቤታችን የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበረ። ያን ጊዜ ያልኖረ ሰው ላያውቀው ይችላል፤ ተራ በተራ እየተነሳህ የራስህን ጥፋት ትናገራለህ፣ ከዚያ የሌላውን። የራሱን አሳጥሮ የሌላውን የሚያስረዝም ነበር የሚበዛው። ስብሰባውን የሚመሩትም እኒያው ሊቀ መንበር ናቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቀው ሰውዬ ያን ቅዳሜ አወጣሁ።

«ጓዶች፣ አንድ ሂስ አለኝ» አልኩ። «አገራችን ምርት፣ ምርት በምትልበት በዚህ ሰዓት፣ እዚሁ አጠገባችን የጫኖ ገበሬ በውሃ ተራ እየተጣላ ባለበት ጊዜ፣ ሲቀላ ላይ የቦይ ውሃ ቀን ከሌት ለማይበላ ሣር መፍሰሱ ከምርት ዘመቻው ጋር ይሄዳል ወይ?»

የፈለግኩትን ልናገር። ውሃው እንዲቀነስበት ነበር የፈለግኩት። ሣሩ ትንሽ እንዲገረጣ፣ እዚህም እዚያም እንዲሳሳ፣ የእኔን እንዲመስል። ከዚያ ያለፈ ነገር በልቤ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ግን እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉና፣ «ጓዱ ያነሳው ነጥብ ከውሃም ያልፋል» አሉ። ከተማ መሐል፣ የተስተካከለ፣ ቦይ አጠገቡ ያለ መሬት በምርት ዘመቻ ጊዜ ጾሙን ያድራል እንዴ? ለምን በቆሎ አይዘራበትም? ጭብጨባ ሆነ። በዚያ ዘመን ጭብጨባ ከተጀመረ የሚያቆመው የለም። የሲቀላው ሜዳ እንዲታረስ ሐሳብ ቀረበ። የሴቻውስ የሚል ጥያቄ ሲነሳ፣ «ድንጋያማ፣ ውሃ የሌለው፣ ለእርሻ የማይመች» ተብሎ ታለፈ፤ ያንንም በእጄ ጻፍኩት። የፍጻሜው ጨዋታ እንግዲህ ሴቻ መሆኑ ነው።

ደስ አለህ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ደስ አለኝ። አልዋሽም። መንገድ ላይ ለብቻዬ አንድ ሁለቴ ፈገግ ብያለሁ። ቤት ስደርስ ግን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ውሳኔው የሚጸድቀው በስፖርት ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው በሳምንቱ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ፣ ሁለት መምህራንና አንድ የጤና ባለሙያ አሉ፤ አራቱም ከሰሜን ተመድበው የመጡ ናቸው። ከአባላቱ የአገሬው ሰው አንድ ብቻ ነበር፣ የገበሬ ማኅበር ተወካዩ፤ እሱም ያን ሳምንት ለሥራ ካምባ ሄዷል። ጥግ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ጋሞኛ የሚሰማ፣ የጋሞን ወግ የሚያውቅ፣ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ሰውየው ወሬውን ሰምቶ መጣ። በሩ ተንኳኳ፣ ተከፈተ፤ ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ በሁለት እጁ እርጥብ ሣር ይዞ ገባ። ከሜዳው የነቀለው ሰርዶ ነው፤ ከሥሩ ላይ ጭቃ ሲሚንቶው ወለል ላይ ጠብ ይል ነበር። ጥቂት ራመድ አለና ተንበረከከ። ሣሩን በሁለት እጁ ወደ ፊት ዘረጋው። በእኛ ወግ መናገር አያስፈልገውም ነበር።

ሣር ይዞ መምጣት ምን እንደሆነ ላስረዳ። በእኛ አገር ሁለት ወገን ጦር ቢማዘዝ እንኳ፣ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ መሐል ከተንበረከከ ጦሩ ይመለሳል። ሣር የያዘን ሰው አትገፋውም፣ ተሻግረኸው አታልፍም። ሣሩን ትቀበለዋለህ፣ ሰውየውን ታነሳዋለህ፣ ነገሩ ከዚያ በኋላ በውይይት ይሆናል። የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሰውየው ሽማግሌ አስከትሎ ቢመጣ ኖሮ ግን በዚያ ዘመን ኋላ ቀር ባህል ተብሎ ሽማግሌዎቹ ጭምር ይከሰሱ ነበር፤ ብቻውን የመጣው ለዚያ ይመስለኛል። ብቻውን ሣር ይዞ የሚንበረከክ ሰው ሌላ የቀረው ነገር የለም። እምቢ የተባለ እንደሆነ ደግሞ ሰው ፊት መቆም ይከብደዋል።

ሊቀ መንበሩ ደንገጥ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ተነስ ጓድ፣ ተነስ! ለሰው መንበርከክ እኮ ቀርቷል» አሉ፤ በእውነት ከልባቸው ነው። ከዚያ ሣሩን ከእጁ ወሰዱ፣ ገልበጥ አድርገው ሥሩን አዩ። «ጥሩ ሣር ነው። ሥሩም ጠንካራ ነው። ናሙናውን እናየዋለን» ብለው ከጠረጴዛው ጥግ አኖሩት።

ሰውየው ተንበርክኮ ቀረ። «ጌቶቼ» አለ፤ ወዲያው አስታወሰና፣ «ጓዶች። ሣር ነው። ሣሯን ይዞ መጣሁ» አለ። አማርኛው አለቀበት።

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ጓድ፣ አንተ ቋንቋውን ትሰማለህ። ሌላ የሚለው ነገር አለ?»

ሁሉም አዩኝ። እሱም አየኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው፤ ናሙና አይደለም፣ ሰውየው እየለመነ ነው። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቢገባቸው ኖሮ ያን ቀን ውሳኔውን ያሳድሩት ነበር፣ ነገ ደግሞ የገበሬ ማኅበር ተወካዩ ከካምባ ይመለሳል፣ ከዚያ ሜዳው በተረፈ። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አስቤዋለሁ፤ ድንገት አፌን ያዘኝ እንዳልል አስቤዋለሁ። የሲቀላውን ሣርም አሰብኩት። ባዶ እግሬን ያሳረፍኩበትን አሰብኩት።

«ተጨማሪ አስተያየት የለውም፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አልኩ፤ እሱ እንዳይከተለኝ በመሥሪያ ቤት አማርኛ፣ በፍጥነት። «የሜዳውን ወቅታዊ ሁኔታ ለማስረዳት ነው የቀረበው።» ቀና አላልኩም። ደብተሬ ላይ፣ «የሲቀላ ሜዳ ጠባቂ የሣር ናሙና አቅርቦ ኮሚቴው ተመልክቶታል» ብዬ ጻፍኩ። ባማረው ጽሕፈቴ። ስጨርስ ሰውየው ተነስቶ ወጥቶ ነበር።

ትራክተሩ የመጣ ዕለት ወረድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ምናልባት ሲያልቅ ለማየት ነው። ሚስቱ ዳር ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። እሱ አያለቅስም፤ ትራክተሩ ሳይደርስበት ከፊት ከፊት እየቀደመ በአካፋ ሣሩን ከነአፈሩ እየቆረጠ ወደ ጥላ ያወጣ ነበር። ማረሻው ሲገለብጠው ነጫጭ ሥሩ ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ታች ወርዶ አየሁት። የእኔ በስድስት ዓመት አንድ ስንዝር አልወረደም። እዚያም ቆሜ፣ ሣሩ እየሞተ፣ በሥሩ ርዝመት ቀናሁ።

በሦስተኛው ቀን ሰውየው አህያ እየነዳ ሴቻ ሜዳዬ በር ላይ መጣ። አህያዋ ላይ አራት እርጥብ ጆንያ ተጭኗል። ሊሰድበኝ፣ ምናልባትም ሊመታኝ መሰለኝ፤ በርሜሉን በመሐላችን አድርጌ ጠበቅኩት።

«ጸሐፊ፣ ይሄ እዚያ ይደርቃል» አለኝ ጆንያዎቹን እያሳየ። «አንተ ሜዳ አለህ።»

 ሁለቱን የጎል በር ዞሮ አየና ካፖርቱን አውልቆ መቆፈር ጀመረ። ከዚያን ቀን በኋላ ለአንድ ወር ከግማሽ ያህል በየቀኑ ወጣ። ድንጋዩን ሁለት ስንዝር ቆፍረን አወጣን፣ ከታች ያመጣውን የቦይ ደለል ሞላን፣ ሣሩን እንደ ጡብ ጎን ለጎን አስቀመጥነው። ውሃ የማጠጣበትን ሰዓት አስቀየረኝ። በግ አስገባ አለኝ፣ አስገባሁ። ሰው፣ «ሜዳው በረት ሆነ እንዴ?» ብሎ ሲስቅብኝ እኔም ድሮ የሳቅኩትን አስታወስኩ። ከእሱ ጎን ተንበርክኬ ስሠራ እጁን አያለሁ፤ ሰፊ፣ ዝግተኛ እጅ ነው፤ የነካው ሁሉ ይይዝለታል። ያን እጅ ቢሰጡኝ ጽሕፈቴን እሰጥ ነበር።

ፍጻሜው ተካሄደ። ሰዉ ከዳር እስከ ዳር ቆመ፣ እንዳለምኩት ሆነ። ሊቀ መንበሩ ሕዝብ ፊት እጄን ጨበጡና፣ «በተለይ የጎል በሮቹ!» አሉ። በረኞቹ ሲወድቁ ሣሩ ላይ ይንከባለላሉ። በራሴ ሜዳ ላይ የእሱ ሣር አረንጓዴ፣ መሐሉ ላይ የእኔ ቢጫ። ልክ እንደ ተጣፈ ሱሪ ሆኖ ነበር፤ እራፊው ከጨርቁ አምሮ። የተጨበጠው እጄ ሲያተኩሰኝ እሱ ከገመዱ ውጭ፣ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

ጨዋታው አልቆ ሰዉ ሲወጣ ቅርጫታችንን ይዘን ገባን። ጉድጓዱን እየፈለግን ስንተክል ቆየንና እሱ ተረከዙ ላይ ቁጭ አለ።

«ጸሐፊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እስከ ዛሬ አፍሬ ነው።»

«ጠይቀኝ፣ ጋሼ።»

«ያን ቀን ሣር ይዤ ስገባ ሰዎቹ ወደ አንተ ዞሩ። አንተም ተናገርክ። ከዚያ ደግሞ ብዙ ጻፍክ፤ አይቼሃለሁ። ምን ብለህ ነው የጻፍክልኝ?»

የጻፍክልኝ አለ። ጆንያውን ጭኖ ዳገቱን የወጣው፣ ወር ከግማሽ ድንጋይ የቆፈረልኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ጓዶቹ ፊት የተከራከርኩለት መስሎት ነው። ያን ሁሉ ቀን ወንድሜ ብሎ ነው የረዳኝ።

«ሣር ይዞ ለመነ ብዬ ጻፍኩ» አልኩት።

«እነሱስ?»

«እነሱ... ሣሩን ተቀብለናል አሉ። መሬቱ ግን ከእጃችን ወጥቷል፣ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው አሉ። እንዲያ ተብሎ ነው የተጻፈው።»

የያዘውን ዘለላ መሬት ላይ አኖረ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «እንግዲያ ሣሬ አልተጣለም» አለ። «እኔ እኮ ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ አገሬ አልወጣሁም። የወንድሜ ልጅ ሲቀበር እንኳ አልሄድኩም። ሣሩን የጣሉበት ሰው መጣ ቢሉኝ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

እውነቱን ልነግረው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ብነግረውስ? ሣርህን ናሙና ብለው ጠረጴዛ ላይ ትተውታል፣ ማታ ጠራጊዋ ከቆሻሻ ጋር አውጥታዋለች፣ ያደረግኩትም እኔ ነኝ ልለው ነው? ለእሱ ስል ዝም ያልኩ አስመስዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። የፈራሁት ግን እኔ ነኝ።

በነጋታው ወደ ገረሴ ወጣ። የታጠበ ጋቢ ለብሶ፣ ቀለል ብሎት፣ ዳገቱን እንደ ወጣት ሲሄድ ከሜዳው ጫፍ ቆሜ አየሁት። እዚያም ላይ ቀናሁበት፤ ሰው ፊት ሊቆም በመሄዱ።

በሳምንቱ ተመለሰ። በቀጥታ ወደ ሜዳው መጣ፤ ከጋቢው ሥር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሲፈታው እርጥብ ሣር ነው፣ የደጋ ሣር፣ ቀጭን።

«ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ላይ ተሰብስበው ነገሬን ሰሙ» አለኝ። ዱቡሻ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚፈርድበት፣ የሚመርቅበት መስክ ነው። «ለቅሶም ደረስኩ፣ ከሰውም ተቀላቀልኩ። ያን የጻፈልህን ሰው እኛም እንመርቀዋለን አሉ። ሣሩን ስጠው፣ በእኛ ፈንታ ቆመህ መርቀው አሉኝ። ተቀበል።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳሉት አንድ ሳያጎድል መረቀኝ፤ እጅህ ይለምልም፣ ልጆችህ ይለምልሙ፣ የጻፍከው አይጥፋ።

ዝም ስል ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «አሜን በል እንጂ፣ ጸሐፊ» አለኝ።

አሜን አልኩ።